ጎሊናን የጠለፈው ሰው

ደምሴ ሠላሳ ዓመት ገበሬ አስተምሯል ተብሎ ደመወዝ ሲከፈለው ኖረ። ጡረታ ወጥቶ ቁጭ ብሎ ሲያስበው ግን ተማሪው እሱ ራሱ ሆኖ ተገኘ። ይህን መናገር አያሳፍረውም። እንዲያውም ቆቦ ውስጥ ሻይ አብሮት የጠጣ ሁሉ ሰምቶታል፤ ሁለቴ የሰማው ደግሞ ሦስተኛውን ፈርቶ ከሩቅ ሲያየው መንገድ ይቀይራል።

ደምሴ የተማረው ጠለፋ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በራያ ቆላ ማሽላ የሚደርሰው እዚያው በሚጥለው ዝናብ ብቻ አይደለም። ክረምት ላይ በምዕራብ በኩል የጊዳን ተራራ ሲጠቁር፣ እዚህ ታች ጠብ ሳይል፣ ስንት ወር ደረቅ አሸዋ ሆና የከረመችው ጎሊና ወንዝ ከአፍ እስከ ገደፏ ሞልታ ትወርዳለች። ገበሬው በቅርንጫፍና በአፈር በሠራው ክትር መንገዷን ያስቀይርና ወደ ቦይ፣ ከቦይም ወደ ማሳው ያስገባታል። ይህን ሥራ የአገሩ ሰው ጠለፋ ይለዋል። ሌላው አገር ጠለፋ ሲባል ትዝ የሚለውን ነገር እዚህም ያውቁታል፤ ጎርፍ በሚጠበቅበት ወር ግን ያ ነገር ለማንም ትዝ አይለውም።

ሥራውን ያስተማሩት ጋሽ ሙህሲን ናቸው። ጋሽ ሙህሲን በሮቢት በኩል የውሃ አባት ነበሩ። የውሃ አባት ማለት ክትሩ የት እንደሚሠራ የሚያሳይ፣ ጎርፉ ሲመጣ ማን ከማን ቀድሞ እንደሚያጠጣ የሚዳኝ፣ በዚያች ሰዓት ሁሉ የሚታዘዝለት ሰው ነው። ደምሴ ጎርፍ ከመታየቱ በፊት እንደሚሰማ ያወቀው ከእሳቸው ነው። ክትር ከመጠን በላይ መጠንከር እንደሌለበት፣ ሲበዛበት ራሱ ተንዶ ትርፉን ለወንዙ እንዲለቅ ተደርጎ መሠራት እንዳለበት ያሳዩት እሳቸው ናቸው። በጦርነቱ ወራት ሰው ሁሉ ሲሸሽ፣ ደምሴ ይህን ሁሉ የጻፈባቸውን አሥራ አንድ ደብተሮች በላስቲክ ጠቅልለው በማሽላ ጉድጓዳቸው ቀብረው ያቆዩለትም እሳቸው ናቸው። ደብተሮቹ ማሽላ ማሽላ እየሸተቱ በደህና ወጡ። ደምሴ ያን ቀን እንደ ልጅ አልቅሷል።

ከእነዚያ ደብተሮች ነው መጽሐፉ የወጣው። ዝናቡ ከተዛባ ወዲህ በየከተማው ሆቴል ስብሰባ ተጠርቶ «የአየር ንብረት ለውጥ መፍትሔ» ሲባል፣ ደምሴ መፍትሔው ሮቢት ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ተስቢሕ የሚቆጥር ይመስለው ነበር። ወጣቱ ጠለፋን እየረሳው ነው፤ የሚያውቁት ሽማግሎች አንድ በአንድ እያለቁ ነው። መጽሐፉ ለዚያ ነው። ግን ከዚያም በላይ፣ ደምሴ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነበረው። ጋሽ ሙህሲን ሰማንያ ሊደፍኑ ነው፤ ዓይናቸውም ደክሟል። በሕይወት እያሉ ምስጋናቸውን በእጃቸው ሊያስጨብጣቸው ይፈልጋል። ምክንያቱም የሚያመሰግንበትን ዋናውን ነገር አንድ ቀን እንኳ በአፉ አውጥቶት አያውቅም።

ነገሩ የሆነው ሥራ በያዘ በሁለተኛው ዓመት ነው። ያኔ የዲፕሎማው ቀለም ገና አልደረቀም። የገበሬውን የቅርንጫፍ ክትር አየና ሳቀ። በየዓመቱ ከመልፋት አንዴ በድንጋይና በሽቦ፣ በጋቢዮን እንገድብ አለ። አሳመነ፤ ተሠራ። በሐምሌ መጨረሻ ጎሊና መጣች። ጋቢዮኑን መግፋት ሲያቅታት ዞራ ዳርቻውን በላች፤ ጋቢዮኑን ከጎኑ ንዳ የጋሽ ሙህሲንን ማሳ፣ ከጎኑም የጎረቤታቸውን የሀጀራን ማሳ፣ አፈሩን ልቅም አድርጋ ይዛ ወደ አፋር ወረደች። የቀረው ጠጠር ነበር። ደምሴ ለአለቆቹ ሪፖርት ጻፈ፤ «ግድቡ ከአቅም በላይ በሆነ ጎርፍ ፈረሰ» አለ። ፈረሰ! ማን እንዳፈረሰው የማይናገር ቃል እንዴት ያለ ምቹ መደበቂያ ነው። ጋሽ ሙህሲን አልወቀሱትም። ይልቅ በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ሳይገባ ቢሮው ድረስ መጥተው «ና፣ ክትር አብረን እንሥራ» አሉት።

በመጽሐፉም ላይ ያ «ፈረሰ» እንዳለ ተቀምጧል። መጨረሻ ገጽ ላይ ባለው ምስጋናም «ጋሽ ሙህሲን ላደረጉልኝ ያልተቆጠበ ትብብር» ይላል። ይህ እንግዲህ ለስብሰባ ወንበር ላዋሰ ሰው የሚባል ቃል ነው። ደምሴም ያውቀዋል። ስንት ጊዜ ሰርዞ ስንት ጊዜ መልሶ እንደጻፈው እሱና ልጁ ትዕግሥት ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

ትዕግሥት ቆቦ አስተማሪ ናት፤ መጽሐፉን በኮምፒውተር የጻፈችለት እሷ ናት። የደራሲ ወኪል የሚባል ነገር እንዳለም የነገረችው እሷ ናት። እኛ አገር ለቤት ደላላ አለ፣ ለበሬ ደላላ አለ፣ ለጋብቻ ሽማግሌ አለ፤ ደራሲ ብቻ ነው ጽሑፉን በብብቱ ይዞ ከአሳታሚ በር በር የሚንከራተት። አሁን ግን አዲስ አበባ ጽሑፍ መርጠው ደራሲውን ወክለው አሳታሚ ዘንድ የሚገቡ ሰዎች መጥተዋል አለችው። ሦስቱ በቴሌግራም ጥሪ አውጥተዋል፤ ልቦለድ ያልሆነ፣ ስለ አየር ንብረት ለውጥ መፍትሔ የሚናገር መጽሐፍ ያለው ሰው በመጀመሪያ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ይላክልን ብለዋል።

«ልይልህ አባዬ» ብትለው «ተይኝ፣ ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ስጽፍ ነው የኖርኩት» አላት። እውነቱን ነው፤ ችግሩም እሱ ነበር። ሪፖርት እንዳይመስል ብሎ ከልቡ ጻፈው። ከልቡ ሲጽፍ ደግሞ ልቡ የሚያውቀውን ሁሉ አንባቢው የሚያውቅ መሰለው። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ለተከበራችሁ። ጎሊና ከጊዳን ተራራ ወርዳ በእኛ በኩል ስታልፍ ጎበዛዝት ተሰብስበው ይጠልፏታል። ይህ ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው ነው። እኔም በወጣትነቴ በጉልበት ልይዛት ሞክሬ አልሆነም። ጎሊና የምትያዘው በብልሃት ነው። መምጫዋን ጠብቆ፣ ከጎን ቀርቦ፣ ሳያስቆጡ ወደ ደጅ መምራት ነው። ካመለጠች ወደ አፋር ትሄዳለች፤ ከዚያ ወዲያ የሚመልሳት የለም። የዛሬ ወጣቶች ይህን ጥበብ እየረሱት ስለሆነ፣ በመላ አገሪቱ እንዲስፋፋ በማሰብ ‹የጠለፋ ጥበብ› የሚል መጽሐፍ አዘጋጅቻለሁ። ከታላቅ ምስጋና ጋር።»

ወንዝ የሚል ቃል የለበትም። ጎርፍ የሚልም የለበትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ደምሴ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አንብቦ፣ ደስ ብሎት፣ «ላኪው» አላት። ትዕግሥትም የቆቦ ልጅ ናትና ምንም አልታያትም።

የመጀመሪያው ወኪል ዝም አለ። ሁለተኛው በማግስቱ መለሰ፤ «ሕግ የከለከለውንና ስንት እህቶቻችን የሚያለቅሱበትን ድርጊት ጥበብ ብለው ለማስተማር መነሳትዎ አሳዝኖናል» ይላል። ደምሴ መልሱን አገላብጦ አነበበው። ውሃ የሚከለክል ሕግ መቼ ወጣ ብሎ ሬዲዮ እስከ መክፈት ደረሰ። ምናልባት የታች አገር ሰዎች ውሃው ቀረብን ብለው ከሰው ይሆናል ብሎ ሲጨነቅ ሰነበተ።

የቀረችው ሦስተኛዋ ነበረች። እሷም እምቢ ካለች ሌላ የሚንኳኳ በር የለም፤ መጽሐፉ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀራል፣ ጋሽ ሙህሲንም ሳያዩት ይሄዳሉ። ደምሴ ይህን እያሰበ አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሮቢት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ የሽንኩርት ማዳበሪያ በጭኗ ካቀፈች ሴት ጎን ተጣብቦ ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ጠራ።

«ጋሽ ደምሴ ነዎት? ሩት እባላለሁ፣ የደራሲያን ወኪል ነኝ። ደብዳቤዎን አንብቤዋለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ! ዕድሜ ይስጥሽ!»

«ከማመስገንዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጎሊና ዕድሜዋ ስንት ነው?»

ደምሴ ግራ ገባው። «ኧረ እሱን ማን ያውቃል! አያቶቼም እንዲሁ ነው ያገኟት።»

«አያቶችዎም?»

«ምን አያቶቼ ብቻ፣ አገሩ ሁሉ! እኔ እንኳ ልጅ ሆኜ በሽቦ ላስራት ሞክሬ ጉድ ሠርታኛለች።»

ከፊት ወንበር ሁለት ሰዎች ዞረው አዩት።

«በሽቦ!» ጮኸች ሩት። «አሁን የት ናት?»

«አሁንማ ደርቃለች፤ አሸዋ ብቻ ናት። ክረምት ሲገባ ነው የምትመጣው።»

«ፖሊስ ያውቃል?»

«ፖሊስማ ዳር ቆሞ ያያታል እንጂ ምን ያደርጋታል!»

ይኸን ጊዜ ከስልኩ የሚወጣውን ሁሉ ስትሰማ የቆየችው ባለ ሽንኩርቷ ሴት አልቻለችም። ስልኩን ከእጁ ነጠቀችና «አንቺ ልጅ!» ብላ ጮኸችበት። «ጎሊና እኮ ወንዝ ናት! ወንዝ! ይኸው ድልድይዋ ላይ ልንደርስ ነው!»

ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። ሾፌሩም መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ፤ ተሳፋሪው «ኧረ መንገዱን እይ!» እያለ። በስልኩ ውስጥም የሩት ሳቅ መጣ፤ እስክታነባ ሳቀች። ደምሴ ብቻ ፊቱ ቲማቲም መስሎ የሁለተኛውን ወኪል መልስ በልቡ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና አነበበ። ሁሉም ነገር ገባው።

ሳይደግስ አይጣላም። «ጋሽ ደምሴ፣ ልቆጣዎት ነበር የደወልኩት» አለችው ሩት። «ስለ አየር ንብረት አርባ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ አርባውም አጀማመሩ አንድ ነው። የእርስዎ በትክክል ተጽፎ ቢሆን ኖሮ አልደውልም ነበር።» ከዚያ ስለ ክትሩ፣ ስለ ውሃ አባቱ ጠየቀችው። የጠየቀችው ሁሉ ደህና ጥያቄ ነበር። በመጨረሻ እንዲህ አለች፤ «ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ አንድ አሳታሚ ዘንድ እገባለሁ፤ የምይዘው አንድ መጽሐፍ ነው። ጽሑፉን አሁን ይላኩልኝና ልጀምረው። ዘጠኝ ሰዓት እደውላለሁ። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን መጽሐፍ ለምን እርስዎ ጻፉት?»

ደምሴ ወዲያው ለትዕግሥት ደውሎ ጽሑፉን አስላከ። ሮቢት ሲደርስ ጋሽ ሙህሲን ግቢያቸው ውስጥ ቁርቁራው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። እግሩን ሰምተው ነው ያወቁት።

«ደምሴ፣ ምነው እርምጃህ ተጣደፈ? ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ ጋሽ ሙህሲን። እርስዎ እንዴት ነዎት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። ቁጭ በል።»

የሚኒባሱን ነገር ሲነግራቸው በሳቅ ተስቢሓቸው ከእጃቸው ወደቀ። «ጎሊናን ካገባሃትማ እኛንም ጥራን እንጂ!» አሉት። ምሳ አብረው በሉ። ደምሴ ከዚያ በኋላ ወረቀት አውጥቶ መልሱን አዘጋጀ። ጋሽ ሙህሲን የከተማዋን ልጅ መስማት እፈልጋለሁ ስላሉ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ሲጠራ ድምፁን ለቀቀውና በሁለቱ መካከል ምንጣፉ ላይ አኖረው።

ደምሴ ወረቀቱን አነበበ። የሠላሳ ዓመት የሥራ ልምድ እንዳለው፣ ስንት ሥልጠና እንደወሰደ፣ ስንት ሥልጠና እንደሰጠ፣ ሁለት የምስክር ወረቀት እንዳለው ተናገረ። ሩት እስኪጨርስ ታገሠችው።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይህ አርባዎቹም ዘንድ አለ። አንድ ነገር ልጠይቅ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብቤያለሁ። ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ‹ግድቡ ፈረሰ› ይላሉ። ማን ነው ያፈረሰው?»

ደምሴ ወረቀቱን አየ፤ ወረቀቱ ላይ የለም። ጋሽ ሙህሲንን አየ። አንገታቸውን ደፍተው ተስቢሓቸውን ይዘዋል። ስልኩን ዘግቼ ልሂድ የሚል ሐሳብ መጣበት። ያን ሁሉ ዓመት ሲሸሸው የኖረው ነገር ፊት ለፊቱ ቆመ።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ ያፈረስኩት። የእኚህን ሰው ክትር አይቼ ሳቅሁ። ጋቢዮን አሠራሁና ወንዙን ማሳቸው ላይ ላክሁባቸው። የሀጀራንም ማሳ አስወሰድኩ። ከዚያ ሪፖርቱን ስጽፍ ጎርፉ ነው አልኩ። እሳቸው አንድ ቃል አልወጣቸውም። ይልቅ እጄን ይዘው አስተማሩኝ። እንጀራ የበላሁት፣ ሰው የሆንኩት በእሳቸው ነው። ይቅርታ ብዬ አላውቅም። መጽሐፉን የጻፍኩት ይህን በአፌ መናገር ስላልቻልኩ ነው፤ በመጽሐፉም አልቻልኩም።» ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ጋሽ ሙህሲን፣ ይቅር ይበሉኝ። አመሰግናለሁ።»

ደምሴ ደረቱ ላይ የነበረ ድንጋይ የተነሣለት መሰለው። ጋሽ ሙህሲን ግን ራሳቸውን እየነቀነቁ ቆዩና ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ አለሽ?»

«አለሁ፣ አባቴ።»

«እሱ ያለውን ሰማሽ። አሁን እኔ የምለውንም ስሚ። ወንዟ ዳሩን እንደምትበላው አውቅ ነበር።»

ደምሴ ቀና አለ።

«ድንጋዩ ሲደረደር ቆሜ እያየሁ፣ የምትዞርበትን ቦታ በእግሬ አሸዋው ላይ አስምሬበታለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ይህ ልጅ በክትራችን ስቋል፤ ተናድጄ ነበር። የተማረ ይግደለኝ ይባል የለ? ይግደለን እንግዲህ፣ እሱም ይቅመሳት ብዬ ዝም አልኩ። የሄደው የኔ ማሳ ብቻ ቢሆን ቅጣቴ ነው፤ እቀበለዋለሁ። ያቺ ምስኪን ሀጀራ ግን ምን አደረገችኝ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። አዎ፣ ዝንብ አልገባም፤ ጎርፍ ገባ።»

«ታዲያ እኔን ያስተማሩኝ…» አለ ደምሴ።

«ምን ላድርግ! አላህን ፈርቼ ነው እንጂ። ለሀጀራ ከላይ ከነበረችኝ ማሳ ቆርሼ ሰጠኋት። ላንተ ምን ልስጥህ? የማውቀውን ሰጠሁህ። አንተ ደግሞ በየሄድክበት ታመሰግነኛለህ። ባመሰገንከኝ ቁጥር ልቤን ያመኛል። ደምሴ፣ አውፍ በለኝ፤ ይቅር በለኝ።»

ደምሴ ለአፍታ ተናደደ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ በጣም ተናደደ። ያን ሁሉ ዓመት ለብቻው የተሸከመው ሸክም እኩሌታው የሌላ ሰው ነበር። ሆኖም ንዴቱ የሚይዘው አጣ። ጎርፍ አብረው ያዳመጡባቸው ክረምቶች እውነት ነበሩ። ማሽላው እውነት ነበር፤ ያስተማሩት ነገርም አንድ ቀን ዋሽቶት አያውቅም። በፍርሃት የጀመሩት ይሁን በፍቅር፣ ሠላሳ ዓመት ሳይሰለቹ ያደረጉት ደግነት ነው። ደምሴ እኚህን ሰው ከቅድሙ ይልቅ አሁን ወደዳቸው፤ ምስጋናውም ከቅድሙ በለጠ።

«አውፍ ብያለሁ፣ ጋሽ ሙህሲን።»

«እኔም ይቅር ብያለሁ። ያኔውኑ ይቅር ብያለሁ።»

ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ስልኩ ምንጣፉ ላይ እንዳለ ረስተውት ነበር፤ ትዝ ያላቸው ሩት ጉሮሮዋን ስትጠርግ ነው።

«ጋሽ ደምሴ» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ ወኪልዎ ነኝ። አሥር ሰዓት ላይ የምይዘው የእርስዎን መጽሐፍ ነው። ይኸኛው አሳታሚ እምቢ ቢል ሌላው ዘንድ እሄዳለሁ። አንድ ነገር ግን ልለምንዎት፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ይቅደዱትና አሁን ያወራችሁትን እንዳለ ጻፉት።»

«እንጽፋለን፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ሙህሲን ቀድመው።

ሩት ስልኩን ስትዘጋ ደምሴ ደብተር አወጣ፤ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው።

«ከየት ልጀምር፣ ጋሽ ሙህሲን? እኔ ከሳቅሁበት?»

ሽማግሌው ተስቢሓቸውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጡ።

«አይደለም» አሉ። «እኔ ዝም ካልኩበት ጀምር።»